ጋቢና የተቀመጠው ሰው

አክስቴ አንድ ቀን ቡና አፍልታ ጠራችኝና፣ «አንተ ጋዜጣ ላይ ሰው ትመክር የለ? እስቲ ይሄን ልጄንም ምከርልኝ» አለችኝ። ልጇ 20 ዓመቱ ነው። መንጃ ፈቃድ ካወጣ ሦስት ወር አልሞላውም፤ የሰው መኪና እየተዋሰ ማታ ማታ ቀለበት መንገድ ላይ ከጓደኞቹ ጋር ይሽቀዳደማል። አክስቴ በሩ እስኪንኳኳ እንቅልፍ የላትም።

ምክር ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ በአንድ ጆሮ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ስለዚህ ሌላ ዘዴ ዘየድኩ። ናይሮቢ፣ ኢስሊ ሰፈር የሚኖር አብሮ አደጌ «ለሳፋሪ ራሊ ና» እያለ ሲወተውተኝ ከርሟል። በ2016 ዓ.ም. መጋቢት (በፈረንጆቹ 2024) ልጁን ይዤ ሄድኩ። እውነተኛ ነጂዎችን ይይና አርፎ ይቀመጥ ብዬ ነው።

ሳፋሪ ራሊ የቆየ ውድድር ነው። በፈረንጆቹ 1953 ተጀምሮ፣ ከ2002 በኋላ ከዓለም ሻምፒዮና ወጥቶ፣ በ2021 ተመልሷል። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በቲካ መንገድ ማታቱ ተሳፍረን ካሳራኒ ወረድን። ካሳራኒ ትልቁ ስታዲየም ያለበት ሰፈር ነው። ፉክክሩ ግን ኳስ ሜዳው ላይ ሳይሆን እዚያው አጠገቡ በተሠራ 4.84 ኪሎ ሜትር የአፈር መንገድ ላይ ነበር። ሁለት ሁለት መኪና አንድ ላይ ይለቀቃል። ሕፃን ያዘለች እናት፣ ዩኒፎርም የለበሰ ተማሪ፣ በቆሎ ሻጭ፣ ማን የቀረ አለ! አቧራው ፀጉራችንን አሸበተው። የአክስቴ ልጅ ጮኾ ጮኾ ድምፁ ተዘጋ።

ማታ ሽሮአችንን እየበላን (ለፈረንጆቹ ፋሲካ ሲሆን እኛ ጾም ላይ ነን) ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «ይቺማ ምን አላት! መኪናውን ይስጡኝ እንጂ እኔም እሠራታለሁ።» ጉድ ፈላ! ልመክር ወስጄ ይባስ አሳብጄው ልመለስ ነው?

እንዲያው በእሱ አይፈረድም። ራሊ ወትሮ መኪኖች ተራ በተራ የሚለቀቁበት፣ በሰዓት የሚለካ ውድድር ነው። ተመልካች ጫካ ድረስ ለፍቶ ሄዶ እያንዳንዱን መኪና ለጥቂት ሴኮንድ ነው የሚያየው። አዘጋጆቹም አዲስ ደጋፊ ለመሳብ ውድድሩን ወደ ሰው አመጡት። በ2004 ፓሪስ ስታድ ደ ፍራንስ፣ በ2018 ሪያድ ንጉሥ ፋህድ ስታዲየም ውስጥ የራሊና የፎርሙላ ዋን ነጂዎች ተፋልመዋል። በ2005 ደግሞ የዌልስ ዋና ከተማ በሆነችው ካርዲፍ፣ ከ70 ሺህ ሰው በላይ በሚይዘው ሚሊኒየም ስታዲየም፣ የዓለም ራሊ ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ ጣሪያ ሥር ተካሄደ። ወንበር አለ፣ መብራት አለ፣ ልጅ ይዞ መሄድ ይቻላል። ምኑ ይጠላል?

ግን የካርዲፉ ወሬ እዚያ አያበቃም። በዚያው ውድድር የመጨረሻ ቀን፣ ከስታዲየሙ ርቆ፣ አንድ መኪና ከዛፍ ጋር ተላተመ። ነጂው ተረፈ። የሞተው ጋቢና ተቀምጦ መንገዱን የሚያነብለት ናቪጌተር ነው። ቀሪው ውድድር ተሰረዘ። እየመራ የነበረው ፈረንሳዊ በዚያ ድል የዓለም ሻምፒዮን ይሆን ነበር፤ በሰው ሐዘን ላይ ዋንጫ አልጨፍርም ብሎ ሆን ብሎ የሰዓት ቅጣት ተቀበለና ድሉን ለሌላ ለቀቀ።

ይህን ለልጁ ነገርኩት። ዝም አለ። እሑድ ናይቫሻ አካባቢ ወዳለው ሄልስ ጌት ፓርክ ሄድን፤ ስሙ «የሲኦል በር» ማለት ነው። ፀሐይ ላይ ብዙ ሰዓት ጠብቀን፣ አንዷ መኪና አቧራዋን አልብሳን እልም! በቃ ይኸው ነው። የውድድሩ የፍጥነት መንገድ በጠቅላላው ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ የካሳራኒዋ የዚያ ቅንጣት ነበረች።

«ይሄን ሁሉ መታጠፊያ እንዴት ያውቁታል?» አለ። አብሮ አደጌ አስረዳው። ነጂውና ናቪጌተሩ ከውድድሩ በፊት መንገዱን በተወሰነ ፍጥነት፣ ቀስ ብለው ሁለት ጊዜ ይሄዱበታል፤ እያንዳንዷን መታጠፊያና ጉድጓድ ይጽፋሉ። በውድድሩ ቀን አንዱ ያነባል፣ ሌላው ሰምቶ ይነዳል።

«ለካ መጀመሪያ ቀስ ብለው ነው የሚሄዱት» አለ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔ ጋቢና ማንን እንደማስቀምጥ ታውቃለህ? እማዬን። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ የማደርሳት እኔ ነኝ።»

እኔ ምንም አልጨመርኩም።

ስታዲየም ለአዲስ ደጋፊ ጥሩ በር ነው። እኛም ከተማ ቢመጣ ቀድሜ የምሰለፈው እኔ ነኝ። ግን በር ላይ ቆሞ ቤቱን አየሁት ማለት አይቻልም። እዚያ ጎልቶ የሚታየው ጎማና አቧራ ነው፤ ቀድሞ የተነበበው መንገድና ጋቢና ያለው ሰው ከሩቅ አይታዩም።

ልጁ ዛሬም መኪና ይወዳል፤ መላእክት ሆነ አልላችሁም። የቀለበት መንገዱን ሽቅድምድም ግን ትቷል። አክስቴ «ምን ብለህ መከርከው?» ትለኛለች። «አቧራ አስቃምኩት» አልኳት። አሁን በሩ በጊዜ ይንኳኳል።