ከኢሽዓሩ በስተጀርባ

ደንበኞች በኢንተርኔትና በስልክ የሚሰጠውን የባንክ አገልግሎት እንዴት እንደሚመለከቱት የሚያጠኑ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚነሡት ፍሬድ ዴቪስ እ.ኤ.አ. በ1989 ካሳተመው ንድፈ ሐሳብ ነው። በእርሱ አባባል ሰው አዲስ ቴክኖሎጂን የሚቀበለው ይጠቅመኛል ብሎ ሲያምንና አጠቃቀሙ ሳይከብደው ሲቀር ነው። መጠይቁም ከዚሁ ይቀዳል፤ «አገልግሎቱ ጊዜዎን ይቆጥብልዎታል?»፣ «ያምኑታል?» እየተባለ ነጥብ ይሰጣል። የካርቱምን ሰው ግን በዚህ ሚዛን መመዘን ከባድ ይመስለኛል። እዚያ መቅደም ያለበት ጥያቄ «ሌላ ምን አማራጭ አለዎት?» የሚለው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2018 ሱዳንን የጥሬ ገንዘብ ድርቅ መታት። ባንኮች ደንበኛው ከገዛ ሂሳቡ የሚያወጣውን ገንዘብ ወሰኑ፤ ሰልፉም ረዘመ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ይፋዊው ተመን ለአንድ ዶላር 47.5 ፓውንድ ሆነ። አንዱ ዕቃ ሁለት ዋጋ አወጣ፤ ጥሬ ገንዘብ ለቆጠረ ርካሽ፣ በቼክ ለሚከፍል ውድ። የካርቱም ባንክ «ባንካክ» የተሰኘው የስልክ አገልግሎት (ትርጉሙ «ባንክህ» ማለት ነው) ከዚያ ወዲህ በከተማው ሰው እጅ እየገባ ሄደ። እንግዲህ የተጠቃሚውን መብዛት አይቶ «ሕዝቡ ባንኩን አመነ» ማለት ችኮላ ነው። ብዙው ሰው ገንዘቡን በስልክ ማንቀሳቀስ የያዘው በእጁ ማውጣት ስለተሳነው ነው።

አለማመኑም በግብይቱ ውስጥ ይታያል። ገዢው ገንዘቡን ካስተላለፈ በኋላ «ኢሽዓር» የሚባለውን ማስታወቂያ ከስልኩ ገጽ ላይ ቀርጾ ለሻጩ ይልካል። ሐሰተኛ ኢሽዓር የሚያዘጋጁ አታላዮች ሲበዙ ግን ጠንቃቃው ሻጭ ምስሉን ከቁም ነገር አይቆጥረውም፤ የራሱን ሂሳብ ከፍቶ ቀሪውን ካላየ ዕቃውን አይለቅም። ለእኔ ከማንኛውም መጠይቅ ይልቅ ይህ መጠበቅ ብዙ ይናገራል። ደንበኛው አገልግሎቱን ይጠቀማል፣ ምቾቱንም ያደንቃል፤ ዓይኑን ግን አይጨፍንለትም።

በዴምና በጀሪፍ ይኖሩ የነበሩት የእኛ ሰዎች ነገር ደግሞ ለብቻው ይታያል። ሂሳብ ለመክፈት መታወቂያ ያስፈልጋል፤ የመኖሪያ ፈቃድ የሌለው ደግሞ ጥቂት አልነበረም። እንዲህ ያለው ሰው ደመወዙን የሚቀበለው ወረቀት ባለው ወዳጁ ሂሳብ ነው። እምነቱን የጣለው በባንኩ ላይ ሳይሆን በወዳጁ ላይ ነው ማለት ነው። ወደ አገር ቤት መላክ ሲመጣም ባንኩ ቀርቶ ሐዋላው ይቀድማል፤ ያም ቢሆን የሰው ቃል ነው። በባንክ ደንበኞች ዝርዝር ላይ ተመሥርቶ የሚደረግ ጥናት እነዚህን ሰዎች ፈጽሞ አያገኛቸውም።

ሚያዝያ 15 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. ጦርነቱ ሲፈነዳ ባንኮች ተዘጉ፣ ብዙዎቹም ተዘረፉ፤ የስልኩም አገልግሎት ተቋረጠ። ሲመለስ ግን ለከተማው ነዋሪ እስትንፋስ ሆነ። ከውጭ አገር ያሉ ዘመዶች የላኩት፣ በየሰፈሩ ወጣቶች ያቋቋሟቸውን የነጻ ወጥ ቤቶች ያንቀሳቀሰው ገንዘብ በአብዛኛው የመጣው በዚያው ነው። ክፉ ጎኑም አልቀረም። ስልኩ ራሱ ካዝና ስለሆነ ታጣቂው መጀመሪያ የሚፈልገው ስልክ ሆነ። በየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. መስመሩ በአገሪቱ ሰፊ ክፍል ሲጠፋ ደግሞ ሂሳቡ ውስጥ ገንዘብ ያለው ሰው ዳቦ መግዛት አቃተው። በሳተላይት ኢንተርኔት የሚያገናኙ ነጋዴዎች የግንኙነቱን ዋጋ ይጠይቁ ነበር፤ በሂሳብ ያለውን ወደ ጥሬ ገንዘብ የሚለውጡትም ከመሀል ይቆርጣሉ። ያም ሆኖ ሰው ይከፍል ነበር። ይህን «የደንበኛ እርካታ» በየትኛው ዓምድ ይጽፉታል?

በታኅሣሥ 2024 እ.ኤ.አ. መንግሥት በሠራዊቱ ይዞታ ሥር በነበሩ ግዛቶች የ500 እና የ1,000 ፓውንድ አሮጌ ኖቶችን ሲለውጥ፣ የያዘው ሁሉ በባንክ ሂሳቡ እንዲያስገባ ታዘዘ። ከባንክ ሸሽቶ ገንዘቡን በፍራሹ ሥር ያኖረው ሰው በዚህ ተገድዶ ደንበኛ ሆነ። ወረቀት የሌለው ስደተኛ ግን ያንኑ አሮጌ ኖት ይዞ፣ ሂሳብ ያለው ወዳጅ ፍለጋ እንደገና ወጣ።