በር የሚዘጋው መንግሥት ብቻ አይደለም

ዛሬ ረዘም ይላል፤ በተለይ ሴት ልጅ ያላችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

የአፍጋኒስታንን ነገር ሰምታችኋል። ታሊባን በነሐሴ 2021 ካቡልን ከያዘ በኋላ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ሴት ልጅ ከ6ኛ ክፍል በላይ እንዳትማር ተከለከለች። በመጋቢት 2022 ይከፈታል ተብሎ ልጃገረዶቹ ደብተራቸውን ይዘው ሄዱ፤ በሰዓታት ውስጥ ወደ ቤታችሁ ተመለሱ ተባሉ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ዩኒቨርሲቲውም ተዘጋባቸው። ብዙዎቹ ቤት ተቀምጠው በሞባይል መማር ያዙ። በመስከረም 2025 ኢንተርኔቱ በመላ አገሪቱ ለሁለት ቀን ያህል ሲቋረጥ ያቺ የቀረቻቸው ክፍልም አብራ ጠፋች።

ከዚያ አገር ልጆች አንዷን ልንገራችሁ። ሶማያ ፋሩቂ ትባላለች፣ የሄራት ልጅ ናት። አባቷ መካኒክ ናቸው፤ ማሽን የወደደችው እሳቸው ጋራዥ ውስጥ ነው። በ2017 ከጓደኞቿ ጋር ለሮቦት ውድድር ወደ አሜሪካ ልትሄድ ቪዛ ሁለት ጊዜ ተከለከሉ፤ በመጨረሻ ተፈቅዶላቸው ሄዱ፣ ሜዳሊያም ይዘው ተመለሱ። በ2020 ኮሮና ሲገባ እነዚሁ ልጆች ከቶዮታ ኮሮላ በተነቀለ ሞተርና በሞተር ሳይክል ሰንሰለት የመተንፈሻ ማሽን ለመሥራት ተነሡ። ከተማው ተዘግቶ ስለነበር አባቷ ልጆቹን ከየቤታቸው እየለቀሙ፣ ፍተሻ በሌለበት የውስጥ ለውስጥ መንገድ ያደርሷቸው ነበር።

እኚህን አባት ልብ በሉልኝ።

እዚህ ካኩማ ሴት ልጅ አትማር የሚል ሕግ የለም። በሩ ክፍት ነው። ግን ፎርም 3 ስገባ ሴቶቹን በጣቴ እቆጥራቸዋለሁ። የት ሄዱ? አንዷ ቧንቧ ጋ ጀሪካን አሰልፋ ቆማለች፣ ወንድሟ ግን ክፍል ውስጥ ነው። አንዷ ታናሿን አዝላ ቤት ትጠብቃለች። አንዷን ደግሞ «ውጭ ያለ ሰው ጠይቋታል»።

ይቺን የመጨረሻዋን ፊዚክስ አስተምራታለሁ። 16 ዓመቷ ነው። እናቷን አስፈቅጄ ነው የምጽፈው፣ ስሟን ግን አልጠራም። ስክሪኑ በተሰነጠቀ ሞባይል፣ ማታ ማታ፣ ኮዲንግ ለብቻዋ ተምራ የእናቷን ሱቅ የዱቤ ደብተር የሚያሰላ ፕሮግራም ሠርታለች። ማን ስንት እንዳለበት፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። እናትየው ከዚያ ወዲህ ከደንበኛ ጋር አልተጨቃጨቅሁም ይላሉ።

ስለ ጋብቻው ላነጋግራቸው ስሄድ ግን እንዲህ አሉኝ፦ «መምህር፣ ፎርም 4 ብትጨርስስ ምን ልትሆን ነው? ወረቀት የለን። እርስዎስ ተምረው የት ደረሱ?»

ጥያቄያቸው እውነት ነው። እኔም ዲግሪ ይዤ በኢንሴንቲቭ ነው የማስተምረው፤ ደመወዙን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የሥራ ፈቃድ ታገኛለች ብዬ ቃል አልገባሁላቸውም። ይልቅ ሩዋንዳ ውስጥ ስላለ ትምህርት ቤት ነገርኳቸው። ሻባና ባሲጅ ራሲክ የምትባል ሴት፣ በመጀመሪያው የታሊባን ዘመን እንደ ወንድ ልጅ ለብሳ በድብቅ የተማረች፣ ካቡል ውስጥ የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት ከፍታ ነበር። በነሐሴ 2021 ተማሪዎቿ እንዳይታደኑ ብላ መዝገባቸውን በሙሉ አቃጠለች፤ ከዚያ ልጆቹን ይዛ ሩዋንዳ ገባች። ወረቀቱ ዐመድ ሆነ፣ የተማሩት ግን አብሯቸው ተሻገረ። ሶማያም በዚያው ዓመት ከአገሯ ወጣች፤ በኋላም አሜሪካ ምህንድስና መማር ጀመረች። እኛ ስደተኞች ቤት ጥለን፣ ሰነድ ጥለን መጥተናል። በፍተሻ ላይ ያልተወሰደብን በጭንቅላታችን የያዝነው ብቻ ነው።

እናትየው «አስብበታለሁ» አሉኝ። መልሱ ለዚህ ወር መጨረሻ ነው የሚጠበቀው።

ስለዚህ ልለምናችሁ። እናቶች፣ አባቶች፣ ጀሪካኑን ወንዶቹም ይሸከሙ። ማታ አንድ ሰዓት ሞባይሉን ለልጅቷ ልቀቁላት፤ ምን እንደምትሠራበትም አጠገቧ ቁጭ ብላችሁ እዩ። ፎርም 4 ሳትጨርስ ሽማግሌ አትቀበሉ።

ውጭ ያላችሁ ዘመዶች፣ የምትልኩት ብር ያኖረናል፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። በስልክ የምትሰጡት ምክር ግን ከብሩ ይከብዳል። «ዕድል ነው፣ አታሳልፏት» ከማለታችሁ በፊት ልጅቷን ስልክ ላይ አቅርቧትና ስንተኛ ክፍል እንደሆነች፣ ምን መሆን እንደምትፈልግ ራሷን ጠይቋት።

የማትጠቀሙበት ላፕቶፕ ወይም ሞባይል ያላችሁ በውስጥ መስመር አናግሩኝ። ለማን እንደደረሰ እነግራችኋለሁ።

ሰላም ሁኑልኝ።