ብቻዋን የተነሣች መንገደኛ

እናቴ በወጣትነትዋ ለቁልቢ ገብርኤል የተሳለችው ስለት ነበረባት። እኔ ከመወለዴ በፊት፣ በአንድ የታኅሣሥ ወር፣ ስንቋን ቋጥራ ከአዲስ አበባ ብቻዋን ስትነሣ ከጎረቤት ወገን «አብሮሽ የሚሄድ ማን ነው?» ብሎ የጠየቃት አንድ ሰው እንኳ እንዳልነበረ ሲነገር ሰምቻለሁ። እንዲያውም አንዷ ጧፍ፣ አንዷ ጃንጥላ፣ ሌላዋም በመሐረብ ጫፍ የተቋጠረ ገንዘብ «ይህን ለእኔ አድርሽልኝ» እያሉ ሸክሟን አበዙላት እንጂ መንገዷን አልከለከሏትም። እኔ ግን በ2011 ዓ. ም. ሠላሳ ሁለተኛ ዓመቴን ይዤ ሳለሁ የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ሐረርን ልይ ባልሁ ጊዜ፣ በቤትም በመሥሪያ ቤትም የገጠመኝ ጥያቄ አንድ ነበር። «እዚያ ምን ጉዳይ አለሽ?» ይሉኛል። «ለማየት ነው» ስላቸው መልስ ያልሰጠሁ ይመስል ጥያቄው እንደገና ይጀመራል። ለስለት፣ ለለቅሶ ወይም ዘመድ ለመጠየቅ የምትሄድ ሴት የሚያቆማት የለም፤ ዓይኗን ተከትላ የምትሄደዋ ግን ምስክር ይፈለግባታል።

ይህን አሳብ ያሳደረብኝ ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጭ የገዛሁት፣ ሽፋኑ የተላጠ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው። ጸሐፊዋ ደርቭላ መርፊ የተባለች የአየርላንድ ሴት ስትሆን፣ የመጽሐፉም ስም ሲተረጐም «ከበቅሎ ጋር በኢትዮጵያ» ማለት ነው። በ1959 ዓ. ም. ከቀይ ባሕር ወገን ተነሥታ፣ ጆክ ብላ የሰየመቻትን የጭነት በቅሎ እየነዳች፣ ደጋውን በእግሯ አቋርጣ አዲስ አበባ የገባችበትን ጉዞ ትተርክበታለች። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባገኘሁት እንግሊዝኛ፣ መዝገበ ቃላት አጠገቤ አኑሬ፣ ከመዝገብ ቤት ሥራዬ ስመለስ ማታ ማታ አነበብሁት። ስለ ቁንጫው፣ ስለ ቆሰለ እግሯ፣ ስለ ጠላው፣ ስለ ዘራፊዎችም ሳትደብቅ ትጽፋለች። ከዚያ ወዲያ ስለ ሴትዮዋ የተጻፈውን ሁሉ መፈለግ ያዝሁ።

ዐሥር ዓመት በሞላት ዕለት ብስክሌትና የዓለም ካርታ መጽሐፍ ተሰጥቷት፣ በዚያው ሰሞን እስከ ህንድ በብስክሌት ለመሄድ ቆርጣ ነበር። ነገር ግን እናቷ በቁርጥማት ሽባ ስለ ነበሩ በዐሥራ አራት ዓመቷ ትምህርቷን ትታ አስታማሚ ሆነች። በመካከሉ አጫጭር ጉዞዎች ብታደርግም የህንዱ መንገድ ግን የተከፈተላት አባቷ በ1961፣ እናቷም በ1962 እ. ኤ. አ. ካረፉ በኋላ ነው። በ1963 እ. ኤ. አ. ክረምቱ በበረታበት ጥር ወር ብስክሌቷን ይዛ ስትነሣ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነበር። እስከ ዕለተ ሞትዋም፣ እስከ 2022 እ. ኤ. አ. ድረስ፣ ደፋር መባልን አትወድም ነበር፤ የማይፈራ ሰው ድፍረት ምን ያደርግለታል ባይ ናት። እኔ ግን እፈራለሁ። ስለዚህም በዚህ ነገር ብዙ አልጠቀመችኝም።

ከእርስዋ በፊት የነበረችው እንግሊዛዊቷ ሜሪ ኪንግስሊም እንዲሁ ናት። ወላጆቿን ስታስታምም ኖራ ሁለቱም በ1892 እ. ኤ. አ. ከሞቱባት በኋላ ወደ ምዕራብ አፍሪካ ሄደች። በ1897 እ. ኤ. አ. ባሳተመችው መጽሐፍ ውስጥ፣ ሹል እንጨት ወደ ተተከለበት የአውሬ ማጥመጃ ጉድጓድ ወድቃ ወፍራም ቀሚሷ እንዳዳናት ስታወራ አንባቢ ይሥቃል። እኔም ሥቄአለሁ። መጽሐፉን ስዘጋ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ፤ የሁለቱም መንገድ የሚጀምረው ከወላጅ መቃብር ነው። የእኔ እናት በሕይወት አለች። ደግሞም ማንም ልጅ እንዲህ ያለውን ነጻነት ቁጭ ብላ ልትጠብቅ አይገባትም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና ሲፈላ የበቅሎዋን ታሪክ ለእናቴ ወደ አማርኛ እየመለስሁ አነብላት ጀመር። በቁንጫው ሣቀች፤ በቅሎ አያያዝ እንደማታውቅ ሆና ፈረንጇን ስትወቅስም ሰማኋት። አንድ ቀን ግን ስኒውን ይዛ «እናቷስ?» አለችኝ። የሆነውን ነገርኋት። ዝም አለች። በሳምንቱ ከሥራ ስመለስ ዳቦ ቆሎ እየቆላች አገኘኋት፤ ቀና ብላም «እንግዲያውስ እኔ ሳለሁ ሂጂ፤ ስትመለሺ የሚሰማሽ እንዲኖር» አለችኝ።

ጉዞው እንደ መጽሐፉ አልነበረም። መሽቶብኝ ባደርሁበት ከተማ፣ የአንድ ሆቴል እንግዳ ተቀባይ «ከማን ጋር ነዎት?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ብቻዬን መሆኔን ስነግረው ቁልፎቹ ከጀርባው በሰሌዳው ላይ ተደርድረው እያየኋቸው «አልጋ የለንም» አለኝ። ለፈረንጅ ሴት የሚከፈት በር ለአገር ልጅ እንደማይከፈት ያን ጊዜ ገባኝ። ከመናኸሪያው አጠገብ ባገኘሁት ክፍል ውስጥ ወንበሩን በበሩ ላይ አስደግፌ፣ እንቅልፍ ሳይወስደኝ ነጋ።

በማግሥቱ ሐረር ገባሁ። በሸዋ በር አልፌ፣ ከጀጎል ግንብ ውስጥ፣ አንድ ሰው ብቻ በሚያሳልፉት ጠባብ መንገዶች ወዲያና ወዲህ ስል ዋልሁ። በመኪና ግርግር ሰፊዎቹ በየደጃቸው ተቀምጠው የስፌት መኪናቸውን ሲያንቀጫቅጩ ቆሜ አየሁ፤ ማታም ከግንቡ ውጭ ጅብ በእጃቸው የሚያበሉትን ሰዎች በሩቁ ሆኜ ተመለከትሁ። መንገድ ጠፍቶብኝ ሳለ ያገኘኋቸው አንዲት ሐረሪ እናት ወደ ቤታቸው አስገብተው፣ ግድግዳውን የሸፈነውን ስፌት እያሳዩ ሻይ አጠጡኝ። እሳቸውም ከማን ጋር እንደ መጣሁ ጠየቁኝ፤ መልሴን ሲሰሙ ግን ስኳር ጨመሩልኝ።

ተመልሼ ሁሉን ለእናቴ ስነግራት በሆቴሉ ነገር ተቈጣች፤ በጅቡ ነገር አላመነችኝም። ከዚያም ከሰሉን እየቆሰቆሰች፣ ስለቷን ካደረሰች በኋላ ወደ አዲስ አበባ በቀጥታ እንዳልተመለሰች አወራችኝ። ለካስ ከቁልቢ መኪና ተሳፍራ ድሬ ዳዋ ወርዳ፣ ባቡር ሲገባና ሲወጣ ለማየት ብቻ ከጣቢያው ደጅ እስከ ማታ ተቀምጣ ነበር። ዘመድ አልነበራትም፤ ጉዳይም አልነበራትም።

«ለማን ነገርሽ?» አልኋት።

«ማን ጠየቀኝ?» አለችና ሁለተኛውን ቡና ቀዳች።

ያን ዕለት ማታ ደብተሬን አውጥቼ የእርስዋን ጉዞ ከእኔው አስቀድሜ ጻፍሁት።