ጳጉሜን 6 እና የተኛው ኮንትሮለር

ባልንጀሮቼ ሥራቸውን የሚፈትኑት ገጹን ከፍተው በዐይን በማየት ነው፤ አዝራሩ ከተጫነና ቀለሙ ካማረ «አለቀ» ይላሉ። እኔ ግን በአንጉላር ጄኤስ በተሠራ ገጽ ውስጥ ዐይን የማያየው ክፍል አለ እያልሁ ስከራከር ሰንብቻለሁ። ገጹን የሚሥለው ቴምፕሌቱ ሲሆን የሚያስበው ኮንትሮለሩ ነው። እርግጥ ነው፣ ጉግል ይህን መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2021 ማብቂያ መደገፉን አቁሟል፤ ነገር ግን የቀደሙን ሰዎች ሠርተው የተዉትን የምንጠግነው እኛው ነን።

ነገሩን ያከበደብኝ ጉለሌ፣ ሽሮ ሜዳ ጥበብ የሚሸጡት አክስቴ ጉዳይ ነው። የተወለዱት ጳጉሜን 6 ቀን 1951 ዓ.ም. ነው። ስሙ ይቆይና ወደ አንድ ጽሕፈት ቤት ቅጽ ሊያስሞሉ ቢሄዱ፣ ጸሓፊው «ማሽኑ እንዲህ ያለ ቀን የለም ይላል፤ መስከረም 1 ላድርግልዎ?» አላቸው። «ልጄ፣ ማሽኑ ሳይፈጠር እኔ ተወልጃለሁ» ብለው ተመለሱ።

ከዚያ ወዲህ የቀን መምረጫ ኮምፖነንት ስሠራ ከሁሉ በፊት የምፈትነው ይህንኑ ነው። ገጹን ሳልከፍት፣ ኤንጂሞክ በሚሰጠው «ኮምፖነንት ኮንትሮለር» በተባለው አገልግሎት ኮንትሮለሩን ብቻውን አስነሣለሁ፤ ዓመቱንም በባይንዲንግ አቀብለዋለሁ። 2015 ለ4 ሲካፈል 3 ይተርፋልና ዘመነ ሉቃስ ነው፤ ጳጉሜን 6 ቀን ትሆናለች። ለ2016 ግን 5 ብቻ።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ይበልልኝ። ገጹ በእውነት ሲከፈት ኦንኢኒት የተባለውን የመነሻ ሥራ አንጉላር ራሱ ይጠራዋል፤ በፈተናው ውስጥ ግን ፈታኙ በእጁ ካልጠራው በቀር የሚጠራው የለም። የቀኖቹ ቁጥር የሚሰላው በኦንኢኒት ከሆነ፣ ያልተቀሰቀሰ ኮንትሮለር ቁጥሩን አያውቅም። ጃቫስክሪፕትም 7 ከዚያ ካልታወቀ ቁጥር ያንሳል ወይም ይተካከላል ወይ ተብሎ ቢጠየቅ ምን ጊዜም ሐሰት ይላል። እንግዲህ «ጳጉሜን 7ን አይቀበልም» የሚል ፈተና ብቻ ብትጽፉ፣ ኮንትሮለሩ ተኝቶም ፈተናው ያልፋል! 7ን እምቢ ያለው አውቆ አይደለም፤ 6ንም 1ንም እምቢ ይል ነበር። (እንዲህ ያለ ጸሓፊ አላጋጠማችሁምን?)

ስለዚህ ከእያንዳንዱ የእምቢታ ፈተና አጠገብ አንድ የእሺታ ፈተና አኖራለሁ፤ ጳጉሜን 6 ቀን 1951 ይቀበል። ዓመቱ ሲለወጥ የሚሠራው ኦንቼንጅስም እንደዚሁ በእጅ ካልተጠራ ዝም ይላል። 2015 ላይ ጳጉሜን 6ን የመረጠ ሰው ዓመቱን ወደ 2016 ቢያዞር ምን ይሁን በሚለው ገና አልተስማማንም፤ አንዳንዱ ወደ 5 ይመለስ፣ አንዳንዱ ባዶ ይሁን ይላል። እኔ ባዶው ይሻላል ባይ ነኝ፤ ሰውየው ራሱ ይምረጥ።