የጓሮ ሰምና ወርቅ

አባታችን አዳም ነቢይ፥ ካህንና ንጉሥ ሆኖ እንደ ተፈጠረ መምህራን ያስተምራሉ። ነገር ግን ለዚህ ሁሉ ማዕርግ ማደሪያ የተሰጠው ቦታ አዳራሽ ወይም ግንብ አልነበረም፤ የአትክልት ቦታ ነበረ እንጂ። ለእጁም የታዘዘለት ሥራ ሁለት ነው፤ ይኸውም ማልማትና መጠበቅ ነው። ከሁለቱም አንዱ ያለ አንዱ አይጸናም። አልምቶ የማይጠብቅ ሰው ለጦጣና ለከብት ይደክማል፤ ጠብቆም የማያለማ ሰው የእሾህና የዳዋ ዘበኛ ይሆናል። ጌታችንም ከሙታን ተለይቶ በተነሣበት ማለዳ ማርያም መግደላዊት ባየችው ጊዜ አትክልተኛ መሰላት። እንግዲህ መኰትኰቻ የያዘ እጅ የሚናቅ እጅ አይደለም።

ይህ የአትክልት ጥበብ በአገራችን ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ሲተላለፍ የኖረው በብራና ተጽፎ አይደለም፤ በእጅና በአፍ ነው እንጂ። አያቶችም ሲያስተምሩ ምክንያቱን ዘርዝረው አይናገሩም። «ይህን አትንካ»፥ «ያንን ዛሬ አታድርግ»፥ «ይህ የእመቤታችን ነው» እያሉ ነገሩን በእርምና በቅዱሳን ስም ጠቅልለው ያስቀምጡታል። የዘመኑ ተማሪ ይህን በሰማ ጊዜ የባልቴት ተረት ነው ብሎ ይተወዋል። በቅኔ ቤት ያደገ ሰው ግን ሰም ማለት ውሸት እንዳይደለ ያውቃል። አንጥረኛው ጌጡን አስቀድሞ በሰም ይቀርጸዋል፤ ሰሙንም በጭቃ ይለብጠዋል፤ በእሳት ባሞቀው ጊዜ ሰሙ ቀልጦ ይወጣና ወርቁ በሰሙ ስፍራ ይፈስሳል። ሰሙ ባይቀድም ወርቁ መልክ ባላገኘም ነበር። የአያቶችም የጓሮ ቃል እንዲሁ ነው፤ ሰሙን የናቀ ወርቁን አያገኝም።

ለዚህ ነገር ምስክር ትሆን ዘንድ በጣና ሐይቅ ዳር ያለችው ዘጌ ትበቃለች። ዘጌ ወደ ሐይቁ የገባች፥ በደን የተሸፈነች ልሳነ ምድር ናት፤ ውራ ኪዳነ ምሕረት፥ አዝዋ ማርያም፥ መሐል ዘጌ ጊዮርጊስና በትረ ማርያም በዚያ ደን ውስጥ ተሸሽገው ይገኛሉ። በዚያ አገር በበሬ ማረስና ከብት ማርባት ከጥንት ጀምሮ ነውር ሆኖ ኖሯል። በቃል ሲነገር እንደ ኖረው ይህን የደነገጉት ጻድቁ አቡነ በትረ ማርያም ናቸው፤ በትራቸውን ሦስት ላይ ሰብረው ቢተክሉት አንዱ ቡና፥ አንዱ ጌሾ፥ አንዱ ሎሚ ሆኖ በቀለ፤ ሕዝቡም በእነዚህ ይኑር ተብሎ ተወሰነ ይባላል።

ታሪኩ ይህ ነው። ምድሪቱን ለተመለከተ ሰው ደግሞ በታሪኩ ውስጥ ያለው ምክር ይገለጥለታል። ዘጌ ወደ ውኃው ያዘቀዘቀች ናት፤ ዛፏ ተመንጥሮ በማረሻ ብትገለበጥ ኖሮ የክረምት ጎርፍ አፈሯን ጠርጎ ወደ ጣና ባወረደው ነበር። ቡናም በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ደስ ብሎት የሚኖር ተክል ነው። የዘጌ ሰው የጻድቁን ቃል አክብሮ ቡናውንና ጌሾውን እየሸጠ እህሉን ከማዶ እየገዛ ኖረ፤ ደኑም በዚህ ምክንያት ቆየ። የጣና ሐይቅና ዙሪያው በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ ዘንድ በተጠባቂ ስፍራነት በተመዘገበ ጊዜ ብዙ ሰው ነገሩን አዲስ አድርጎ ተቀበለው። የዘጌ ባልቴቶች ግን ዛፍን መጠበቅ ከእናቶቻቸው የተማሩት ነገር ነው።

በዚያ አገር ይኖሩ የነበሩ የአንዲት ባልቴት ኑሮ ነገሩን ይበልጥ ይገልጠዋል። ባላቸው መሪጌታ ነበሩ፤ እርሳቸውም በስተርጅና ቆብ ደፍተው እማሆይ ተባሉ። በጓሯቸው ከቡናው፥ ከጌሾውና ከሎሚው በቀር ለድፎ ዳቦ የሚሆን ኮባ፥ ጎመን፥ ዱባ፥ ቅል፥ ጤና አዳም፥ በሶብላ፥ ኮሰረትና ዳማከሴ ነበረ። በዚያ ጓሮ ሦስት የልጅ ልጆች አሳደጉ። በኵሩ ወደ ቅኔ ቤት ሄዶ ኋላ በከተማ የጽሕፈት ሥራ ያዘ፤ ሁለተኛው ነጋዴ ሆነ፤ ታናሺቱ ከአያቷ ዘንድ ቀረች።

እማሆይ በየዓመቱ አስቀድሞ የበሰለውንና መልካም የሆነውን ዱባ በገመድ ምልክት ያደርጉበትና «ይህ የእመቤታችን ነው» ይሉ ነበር። ከዚያ በኋላ ማንም እጁን አያነሣበትም፤ ሐረጉ እስኪደርቅ ድረስ በምድር ላይ ይቈያል። ወር በገባ በ21 ቀን ይታረድና ሥጋው ተቀቅሎ ለነዳያን ይሰጣል፤ ፍሬው ግን ታጥቦ፥ ደርቆ፥ በአመድ ታሽቶ በቅል ውስጥ ይገባና ከምድጃው በላይ ይሰቀላል። ልጆቹ ይህን ሁሉ እንደ ስለት ብቻ ያዩት ነበር። ነገር ግን በዚህ ሥርዓት እማሆይ ከሁሉ ቀድሞ የደረሰውንና ከሁሉ የበረታውን ዱባ ለዘር መረጡ፤ በሐረጉ ላይ ፈጽሞ እንዲበስል አደረጉ፤ ከነቀዝም በአመድና በጢስ ጠበቁት። ለድኻው ሥጋውን፥ ለመጪው ዓመት ዘሩን ሰጡ። በእመቤታችን ስም ባይታጠር ኖሮ የተራቡ ልጆች ባሉበት ቤት ያ ዱባ እስከ መቼ በቈየ ነበር?

የጎመን ችግኝ ያዛወሩ እንደ ሆነ ፀሓይ ካዘቀዘቀች በኋላ ተክለው በቅጠል ይከድኑት ነበር። «ለምን ይሸፈናል?» ቢሏቸው «ዓይን እንዳይበላው» ብለው ይመልሳሉ። ለጋውን ተክል ቀትር ላይ የሚበላው ዓይን ግን የጎረቤት ዓይን አይደለም፤ የፀሓይ ዓይን ነው። ዝናብ ካደረም በማግሥቱ ወደ መደቡ የሚገባውን ልጅ «ምድር አርግዛለች፤ አትርገጣት» ብለው ይቈጡታል። ርጥብ አፈር የተረገጠ እንደ ሆነ እንደ ጡብ ይጠነክራልና ሥር አያስገባም። ጎመኑንም ሲቀጥፉ ከታች ያለውን ቅጠል ይወስዱና ልቡን ይተዋሉ፤ «ልብ የባለቤቱ ነው» ይላሉ። ስለዚህ አንድ እግር ጎመን ብዙ ወራት ያበላ ነበር። ለእያንዳንዱም ተክል የተለየ ቦታ ነበረው፤ ዱባውን በአመድና በጥራጊ በሰባው መሬት ላይ፥ ቅሉን በአጥሩ ላይ፥ ጤና አዳሙን ከደጃፉ አጠገብ ያደርጉታል። ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል ነው የሚለውን ተረት ብዙ ሰው ለሰው ጠባይ ይጠቅሰዋል፤ እርሳቸው ግን በጓሯቸው ያዩት ነበር።

መሪጌታውም ከዚህ ሥራ የተለዩ አልነበሩም። ከሰኔ 26 እስከ ሐምሌ 18 ድረስ ያለው ወራት በቤተ ክርስቲያናችን የዘርና የደመና ወቅት ተብሎ ይጠራል፤ ዜማውም፥ ምንባቡም ስለ ዘርና ስለ ዝናብ ይናገራል። መሪጌታው በማኅሌት ይህን ዜማ ቃኝተው ወደ ቤታቸው ሲመለሱ እማሆይ የሚዘራውን ቅል ከምድጃው ላይ ያወርዳሉ። እርሳቸው በቅዳሴ የሰሙትን በጓሮ ይፈጽሙታል። በዚያ ቤት የቤተ ክርስቲያን ባሕረ ሐሳብና የጓሮ ባሕረ ሐሳብ አንድ ነበረ።

እማሆይ ካረፉ በኋላ ግን ፈተና መጣ። የተዝካሩ ዕዳ በልጆቹ ላይ ቀረ። አንድ የጣውላ ነጋዴ መጥቶ በጓሮው መካከል ያለውን ትልቁን ዋንዛ አየና ዕዳውን ሁሉ የሚከፍል ገንዘብ አቀረበላቸው። ሁለተኛው ወንድም ፈቀደ። በኵሩም «ቡናው ፀሓይ ቢያገኝ ይሻለው ይሆናል» አለ። ታናሺቱ ግን እንዲህ አለች፤ «ጋሼ፥ እማሆይ ዋንዛው የቡናው ሞግዚት ነው፤ ሞግዚቷን ገድሎ ሕፃኑን የሚያሳድግ የለም ይሉ ነበር።» ወንድሞቿም «ይህ የእማሆይ ተረት ነው» ብለው ሳቁባት።

እርሷ አልተከራከረችም። ወሩ ሚያዝያ ነበረና ምድር ሁሉ ደርቃ ነበር። በኵሩን ከዋንዛው ሥር ወስዳ «ጋሼ፥ እጅዎን ያግቡ» አለችው። እጁን በረገፈው ቅጠል ውስጥ ቢያገባ አፈሩ ጥቁር፥ ለስላሳና ርጥብ ነበር። ቀጥሎም ዛፉን ወደ ሸጠው ጎረቤት አጥር ወሰደችው፤ በዚያ ምድሩ ተሰነጣጥቆ፥ የቡናው ቅጠል ቢጫ ሆኖ ይታይ ነበር። በኵሩ ብዙ ዘመን ስለ ዕፅዋት ቅኔ ሲቈጥር የኖረ ሰው ነው፤ የዚያን ቀን ግን አንዲት ያልተማረች እኅቱ የአያታቸውን ቅኔ ፈታችለት። ዋንዛው አልተሸጠም። ዕዳውም በሁለት ዓመት የቡናና የጌሾ ሽያጭ ተከፈለ፤ የጎደለውን ሁለተኛው ወንድም ሱቅ ሊከፍትበት ካጠራቀመው ገንዘብ ጨመረ። ሱቁም በዚህ ምክንያት ዘገየ። የአያት ቃል መጠበቅ እንዲህ ዋጋ ያስከፍላል።

ይህ ሲባል ግን አያቶች የተናገሩት ሁሉ ወርቅ አለበት ማለት አይደለም። ሰም ብቻ ሆኖ የቀረም አለ። ጎመኑ በተባይ በተበላ ጊዜ አመድ ከመነስነስ ይልቅ ጎረቤትን ቡዳ ብሎ ማማት፥ በዚህም ወንድምን ከወንድም መለየት፥ ከአያት የተወረሰ ቢሆን እንኳ መጣል የሚገባው ውርስ ነው። ብልህ ወራሽ ቃሉን በሁለት ነገር ይመዝነዋል፤ ምድርን ያለማል ወይስ አያለማም? ፍቅርን ያጸናል ወይስ ያፈርሳል?

ደግሞም አያቶች የአዲስ ነገር ጠላቶች አልነበሩም። በርበሬና በቆሎ ከአሜሪካ ምድር ባሕር ተሻግረው የመጡ ናቸው። ድንችም በ19ኛው መቶ ዓመት በትግራይ ይኖር በነበረው በጀርመናዊው የዕፅዋት ሊቅ በሺምፐር አማካይነት እንደ ገባ ይነገራል። ባሕር ዛፍም በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ገባ። እነዚህን እንግዶች ተቀብለው ያላመዱ፥ ጠባያቸውንም መርምረው በርበሬውን በመደብ ያስቀመጡ፥ ባሕር ዛፉን ከጎመን መደብ ያራቁ እነዚያው ዛሬ አሮጌ የምንላቸው ሰዎች ናቸው። ስለዚህ የአያትን ጥበብ የሚወርስ ሰው አዲስ ነገርን የመመርመር ትጋታቸውንም ሊወርስ ይገባዋል።

ነገሩ ከአንድ ቤት ጓሮ የሚያልፍ ነው። ዛሬ የጎንደርና የጎጃም ምድር ከሰማይ በተነሣ ሥዕል ሲታይ በታረሰው መሬት መካከል እንደ ደሴት ሆነው የሚታዩ አረንጓዴ ክበቦች አሉ፤ እነርሱም የአብያተ ክርስቲያናት ዐጸዶች ናቸው። በዙሪያቸው የነበረው ደን ሲመነጠር ወይራውንና ጽዱን ያቈየው ብዙ ጊዜ ዘበኛ ወይም አጥር አይደለም፤ «የታቦቱ ዛፍ ነው» የሚለው አንድ ቃል ነው። ያ ቃል በልጆች ልብ የቀለለ ዕለት መጥረቢያው ይከብዳል። ስለዚህ ካህናት ቃሉን ከነምክንያቱ ሊያስተምሩ ይገባቸዋል፤ ምክንያቱን ያልሰማ ትውልድ ፍርሃቱ በለቀቀው ጊዜ ዛፉንም ይለቃልና።

ናቡቴ ንጉሥ አክዓብ ለአትክልት ቦታ የተመኘውን ወይኑን የአባቶቼ ርስት ነው ብሎ ከለከለ፤ ስለዚህም ሞተ። በዘመናችን ግን ማንም ሳያስገድደው የአባቶቹን ጥበብ ባለመጠየቅ ብቻ የሚያጠፋ ሰው ብዙ ነው። መሬት በሕግ ይወረሳል፤ የመሬቱ ዕውቀት ግን ጐንበስ ብሎ ካልጠየቁት አይወረስም፤ ባለቤቱም ባረፈ ጊዜ አብሮ ይቀበራል።

ይስሐቅ አባቱ አብርሃም ያስቈፈራቸውን፥ ፍልስጥኤማውያንም አፈር ሞልተው የደፈኗቸውን ጕድጓዶች እንደ ገና አስቈፈረ፤ አባቱም በጠራቸው ስም ጠራቸው። ኋላም ሎሌዎቹ በሸለቆው አዲስ የውኃ ጕድጓድ አገኙ። የልጅ ወግ ይህ ነው፤ የተደፈነውን መቈፈር፥ ስሙን አለመለወጥ፥ ከዚያም በላይ አዲስ መጨመር። እንግዲህ አያት ያለው ሰው በዚህ ክረምት ወደ ጓሮ አብሮ ይግባ፤ ቃሉን ይስማ፤ የቃሉን ምክንያት በእጁ ይፈልግ፤ ያገኘውንም ይጻፍ። ማንበብና መጻፍ የተማረ የልጅ ልጅ ለአያቱ የሚከፍለው ብድር ይህ ነው።