ፌስታሉ ውስጥ አሁን ስንት አለ?

ሃይስኩል ሒሳብ ስንማር ፕሮባብሊቲ የሚባለው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ጨዋው መጽሐፋችን ድንገት ቁማር ቤት ይገባል። ዳይስ ይጣላል፣ ሳንቲም ይወረወራል፣ በደንብ ከተበወዘ 52 ካርታ ውስጥ አንዱ ይመዘዛል። ከዚያ ይጠይቃል፦ የተመዘዘው ካርታ ቀይ ንጉሥ የመሆን ዕድሉ ስንት ነው? እኛ ክፍል ከነበርነው ሃምሳ ምናምን ልጆች መሀል ካርታ በእጁ ይዞ የሚያውቅ ቢበዛ አምስት ወይ ስድስት ቢሆን ነው። እነሱም ቢሆኑ እጅ አውጥተው "እኔ አውቃለሁ" አይሉም፤ ካርታ በኛ ሰፈር የዱርዬ ነገር ነዋ። ስለዚህ አራት ዓይነት ምልክት እንዳለ፣ በእያንዳንዱ 13 እንዳለ፣ ሁለቱ ቀይ ሁለቱ ጥቁር እንደሆኑ እንደ ነገሥታት ዝርዝር ሸመደድነው። 2/52 ብለን ጻፍን፣ 1/26 ብለን አቃለልን፣ ራይት አገኘን። ንጉሡን ግን ማናችንም አላየነውም።

ፕሮባብሊቲ ከባድ ነው የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ ፎርሙላውን ነው የሚያማርሩት። እኔ ግን አይመስለኝም። ፎርሙላው ማካፈል ነው፤ የምትፈልገው ስንት ነው፣ በጠቅላላው ስንት አለ፣ አካፍል፣ በቃ። የሚከብደው ማንበቡ ነው። "አት ሊስት ዋን" ሲል ምን ማለቱ ነው? "ዊዝአውት ሪፕሌስመንት" የምትለዋ ሁለት ቃል ጥያቄውን እንዴት ነው የገለበጠችው? በሁለተኛ ቋንቋ፣ አይተነው ስለማናውቀው ዕቃ ነበር የምንጠየቀው። ከኛ ክፍል በፕሮባብሊቲ የሚወድቁት ልጆች ማካፈል የማይችሉ አልነበሩም።

የ11ኛ ክፍል የሒሳብ መምህራችን ይኼ ገብቷቸው መሰለኝ አንድ ቀን ቾክና ዳስተራቸውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ከኪሳቸው ጥቁር ፌስታል አወጡ። ውስጡ ቆርኪ ነው፤ 5 የኮካ፣ 3 የሚሪንዳ። "አንድ ልጅ ይምጣ" አሉ። ከማውጣቱ በፊት ግን ክፍሉን ይጠይቃሉ፦ "ፌስታሉ ውስጥ አሁን ስንት አለ?" ስምንት። "ኮካው?" አምስት። ልጁ ኮካ አወጣ። ቆርኪውን ወደ ፌስታሉ አልመለሱትም፣ ኪሳቸው ከተቱት። "አሁንስ ስንት አለ?" ሰባት። "ኮካው?" አራት። ሁለቱም ኮካ የመሆናቸው ዕድል 5/8 ሲባዛ በ4/7፣ ማለትም 5/14 መሆኑን ሰሌዳው ላይ የጻፉት መጨረሻ ላይ ነው። ክፍለ ጊዜው ሙሉ በሙሉ ያለቀው ያንኑ አንድ ጥያቄ በመደጋገም ነበር። ልጆቹ ሰልችቷቸው እሳቸው ሳይጠይቁ በዜማ "ፌስታሉ ውስጥ አሁን ስንት አለ" ማለት ጀመሩ። ከዚያ በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ኢንጂነሪንግ ስማር ፕሮባብሊቲን በትልልቅ ምልክቶች በድጋሚ ወሰድኩት። ከፌስታሉ የራቀ ነገር አላገኘሁበትም። "ኮንዲሽናል" የሚባለው እንኳን አንድ ነገር ካወቅህ በኋላ ፌስታሉ መጥበቡ ነው።

ይኼን ጥያቄ መዝለል ታላላቆቹንም ጥሏል። ዳላምበር የሚባለው ፈረንሳዊ የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1754 ትልቁ የፈረንሳይ ኢንሳይክሎፒዲያ ላይ ስለ ሳንቲም ጻፈ። ሳንቲም ሁለት ጊዜ ቢወረወር ቢያንስ አንዴ ጎፈር የመምጣቱ ዕድል ስንት ነው? እሱ እንዲህ ቆጠረ፦ በመጀመሪያው ጎፈር ከመጣ ጨዋታው አለቀ፤ ካልሆነ በሁለተኛው ይመጣል፤ ወይም ጭራሽ አይመጣም። ሦስት መንገድ፣ ሁለቱ ደግ፣ ስለዚህ 2/3። መልሱ ግን 3/4 ነው። መንገዶቹ ሦስት ቢመስሉም እኩል አይደሉም፤ የመጀመሪያው በውስጡ ሁለት ይዟል። "ወይ አልፋለሁ ወይ እወድቃለሁ፣ ስለዚህ ግማሽ በግማሽ ነው" የሚል ጓደኛ ካላችሁ የዳላምበር ዘመድ ነው፤ አትሳቁበት።

አሁን ወደ አክስቴ ልጅ ልምጣ። በ2015 ዓ.ም. ሰሜን ሸዋ ውስጥ በምትገኝ ትንሽ ከተማ 12ኛ ክፍል ነበረች። ማታ ማታ የጥያቄ ፎቶ በቴሌግራም ትልክልኛለች፣ እኔ ከሥራ ስወጣ ወረቀት ላይ ሠርቼ ፎቶውን እመልሳለሁ። ኔትወርክ ካለ እንደዋወላለን። አንድ ማታ ከመጽሐፍ ያልተወሰደ ጥያቄ ላከች። እናቷ የ20 ሰው ዕቁብ ገብታለች፤ በሳምንት 500 ብር፣ ሲደርስ 10,000። በመጀመሪያዎቹ አምስት ሳምንታት ውስጥ ከደረሳት ልጅቷ ደብረ ብርሃን ዘመድ ጋ ተቀምጣ ቲቶሪያል እንድትማር ታስቧል። "ዕድላችን ስንት ነው?" ነው ጥያቄው።

ራሷ ሞክራዋለች። በመጀመሪያው ሳምንት 1/20፣ አንድ ሰው ወጥቶ ሲቀንስ 1/19፣ ከዚያ 1/18፣ 1/17፣ 1/16። ደመረቻቸው፣ ወደ 28 በመቶ መጣ። ጥሩ ይመስላል እኮ። ፌስታሉ እየቀነሰ መሄዱን አልዘነጋችም፤ ቲቸርን ብታገኛቸው ይወዷት ነበር። "እስኪ እስከ ሃያኛው ሳምንት ደምሪው" አልኳት። ካልኩሌተሯ 3.6 አካባቢ አሳየ። ዕቁቡ እስኪያልቅ የመድረሱ ዕድል 360 በመቶ። ስልኩ ውስጥ ዝም አለች፣ ከዚያ ሳቀች።

ነገሩ እንዲህ ነው። 1/19 የምትለው ቁጥር የምትሠራው አክስቴ በመጀመሪያው ሳምንት ካልወጣላት ብቻ ነው። ስለዚህ በቀላሉ የሚሠራው ከተቃራኒው በኩል ነው፤ አምስቱንም ሳምንት የማይደርሳት ዕድል። 19/20 ሲባዛ በ18/19፣ በ17/18፣ በ16/17፣ በ15/16። የአንዱ ላይ ያለው ቁጥር የቀጣዩን ታች ያለውን እየበላ ይሄድና 15/20 ይቀራል። የመድረሱ ዕድል 5/20፣ 25 በመቶ። ይኼን ማጣፋት ባየሁ ቁጥር አሁንም ደስ ይለኛል፤ ያ ሁሉ ክፍልፋይ ተጋጭቶ ሁለት ቁጥር ብቻ ሲተርፍ።

ስፒከር ላይ ስለነበርን አክስቴ ከጓዳ ሰምታናለች። "ሃያ ሳምንት ነው፤ ከሃያው አምስቱን ነው የፈለግነው። ምን ያስጮኻችኋል?" አለች።

ልክ ናት። ሃያዎቹን ወረቀቶች አስቀድመህ በሰልፍ ብትደረድራቸው የሷ ስም በየትኛውም ቦታ የመሆን ዕድሉ እኩል ነው። ቀድሞ የወጣ ሰው ለቀሩት ዕድል አይጨምርም አይቀንስም፤ የሚቀይረው የምናውቀውን ነው። አክስቴ 4ኛ ክፍል ነው ያቆመችው። ዕቁብ ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ ጥላለች።

ደግሞ ዕቁብ እንደ ቆርኪ አይደለም። በሦስተኛው ሳምንት አንድ አባል ሚስቱ ሆስፒታል ስለገባች ለዳኛው ነግሮ ያለ ዕጣ ወሰደ። ማንም አልተቃወመም። ልጅቷ "እኛስ ለምን አንጠይቅም?" ስትል አክስቴ "ሰው ታሞ እኛ ለትምህርት?" ብላ ዘጋቻት። ብሩ የደረሳቸው በአሥራ አራተኛው ሳምንት ነው፤ ቲቶሪያሉ ያኔ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም።

የዚያኑ ዓመት ጥር ላይ የ2014 የ12ኛ ክፍል ውጤት ወጣ። ያኔ አዲስ አበባ ሆኜ እንኳን የምናወራው ስለሱ ብቻ ነበር። ወደ 900 ሺህ ከሚጠጋ ተፈታኝ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 29,909 ነው። 3.3 በመቶ። ከ1,000 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም፤ የሷ ከነሱ አንዱ ነው። በዚያ ማታ የላከችልኝ ፎቶ አልነበረም። "ከአገሪቱ ፌስታል 3.3፣ ከኛ ትምህርት ቤት ፌስታል ዜሮ። ለምን እንደምንለፋ ንገረኝ" ነው የሚለው።

ለዚህ "አይዞሽ፣ ጎበዝ ነሽ" ብሎ መመለስ ይቻላል። ግን ልጅቷ ሒሳብ ነው የጠየቀችኝ፤ ሒሳብ ለጠየቀ ሰው አይዞሽ ማለት ንቀት ይመስለኛል። ከትምህርት ቤታችሁ ስንት ተፈተነ አልኳት። 60 አካባቢ። እንግዲያው የያንዳንዱ ልጅ የማለፍ ዕድል ልክ እንደ አገሩ 3.3 በመቶ ነው እንበል። አንዱ የመውደቁ ዕድል 0.967 ነው፤ 60ውም የመውደቃቸው 0.967 በራሱ 60 ጊዜ ሲባዛ፣ 13 በመቶ አካባቢ። እንደ ማንኛውም አማካይ ትምህርት ቤት ሆኖም ዕድል ብቻ ዜሮ ሊያስመዘግበው ይችላል ማለት ነው። ዜሮው የሚያስፈራውን ያህል ብዙ አይናገርም።

ማባዛት የሚቻለው የአንዱ መውደቅ ከሌላው ጋር ካልተያያዘ ነው ብዬ ገና ልጽፍ ስል እሷ ቀደመችኝ። "ግን እኮ ሁላችንም አንድ የፊዚክስ መምህር ነው ያለን፤ እሱም ከታኅሣሥ ጀምሮ የለም።"

ምን ልበላት? በጽሑፍ ያላት ነገር የሌላት ልጅ የምዕራፉን ዋና ነጥብ ነገረችኝ። ሳንቲም ሳንቲምን አያውቀውም። 60 ልጅ ግን አንድ መምህር ሲሄድባቸው አብረው ነው የሚወድቁት፤ ስድሳ ሳንቲም ሳይሆን አንድ ትልቅ ሳንቲም ናቸው ማለት ይቻላል። ያን ማታ የጻፍኩላት መልስ አጭር ነበር፦ 3.3ም ሆነ ዜሮ ያለፈው ዓመት ልጆች ፌስታል ነው፤ በፌስታልሽ ውስጥ ያለውን መቀየር የምትችዪው ፊዚክስ ላይ ነው፣ ከነገ ጀምሮ በየማታው አንድ ምዕራፍ። ውሸት የለውም፣ ግን ደግሞ ብዙም አያሞቅም። "እሺ" አለች።

ሰኔ ላይ "የማላውቀውን ሁሉ ሲ ሲ እያጠቆርኩ ብወጣስ?" ብላኝ ነበር። አንድ ጥያቄ ላይ የማይጎዳ ምክር ነው፣ ባዶ ከመተው ይሻላል። የማታውቂያቸው 10 ቢሆኑና በያንዳንዱ ላይ ብትገምቺ ቢያንስ አንዱን የማግኘት ዕድልሽ 94 በመቶ ነው። በግምት ብቻ ግማሹን ማግኘት ግን ሌላ ነገር ነው። 20 ጥያቄ ቢሆን ዕድሉ 1.4 በመቶ፤ 100 ጥያቄ ቢሆን ከሚሊዮን አንድ አይሞላም። ጥያቄ በበዛ ቁጥር ዕድል ይሸሻል።

50 አልመጣላትም፤ ጥቂት ነው የጎደላት። ሪሚዲያል የሚባለው ፕሮግራም ውስጥ ገባች፣ እሱን አለፈች፣ አሁን ካምፓስ ናት። ፊዚክስ አይደለም፣ አካውንቲንግ።

ባለፈው ዓመት ከዶርም ልጆች ጋር የ12 ሰው ዕቁብ ጀመሩ። እኔ ደግሞ ፕሮግራመር አይደለሁ፣ "ዕጣውን የሚያወጣ ስክሪፕት ልጻፍላችሁ?" አልኳት። የመበወዝ ኮድ ቀላል ይመስላል፣ ግን ተንኮል አለው። ሥራ ቦታ ያየሁት አንድ ኮድ በዝርዝሩ ላይ ያለውን እያንዳንዱን ስም በተራ እያነሣ ከማንኛውም ቦታ ጋር ያቀያይር ነበር። ፍትሐዊ ይመስላል። በሦስት ስም ሞክሩት፦ ኮዱ 3×3×3፣ 27 እኩል መንገድ አለው፤ ሦስት ስም የሚደረደርበት መንገድ ግን 6 ነው። 27 ለ6 አይካፈልም። ስለዚህ አንዳንዱ አደራደር 5 ጊዜ፣ አንዳንዱ 4 ጊዜ ይመጣል። ይኼን ለማግኘት የ11ኛ ክፍል መቁጠር በቂ ነው። የኔው ስክሪፕት ይኼ ችግር እንደሌለበት በረጅሙ አስረዳኋት።

"ተወው፣ በወረቀት ይሻለናል" አለችኝ። "የኮንዶሚኒየሙን አላየህም?" በ2014 ሐምሌ የአዲስ አበባ የ25,491 ቤቶች ዕጣ በኮምፒውተር ወጥቶ፣ ሲስተሙ ላይ ማጭበርበር ተገኝቶበት መሰረዙን ማለቷ ነው። የእንጀራዬን ነገር ስለነካች ትንሽ ልከራከር ፈልጌ ነበር። እነሱ ግን ወረቀቱን አሥራ ሁለት ቦታ ቀደው፣ ጠቅልለው፣ የአንዷ ኮፍያ ውስጥ ከተቱት፤ ሁሉም እያየ።

አሥራ አንደኛ ደረሳት። "ያው 1/12 ነው፣ እንደ መጀመሪያዋ ልጅ" ብላ ጻፈችልኝ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፦ "እሷ ግን ጫማውን ገና ድሮ ገዝታለች።"