ሁለት ፊልሞች በአንድ ላፕቶፕ

አክሽን ፊልም የምትወዱ እጃችሁን አውጡ ብላችሁ፣ የቅዳሜ ከሰዓቱ የወጣቶች ኅብረት አዳራሽ በእጅ እንደሚሞላ አውቃለሁ። የእኔም እጅ አብሮ ይወጣል። ስለዚህ «ፊልም አትዩ» ልላችሁ የመጣሁ መስሏችሁ ገጹን እንዳትገልጡት። ስለ ሁለት ፊልሞች ላወራችሁ ነው። አንዱ ከፓኪስታን የመጣ፣ ሌላው እዚሁ ከእኛው ኦሞ ወንዝ ዳር የተቀረጸ ነው።

የፓኪስታኑ «ዋር» ይባላል፤ በኡርዱ «ምት» ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2013 የወጣ ሲሆን፣ ለዳይሬክተሩ ለቢላል ላሻሪ የመጀመሪያው ሙሉ ፊልም ነበር። ካሜራውንም ቅንብሩንም የሠራው እሱ ራሱ ነው። በዚያን ጊዜ በፓኪስታን ብዙ ገቢ ያስገባ ፊልም ሆነ። እኛ ግን ጂንካ ላይ፣ አንድ ጓደኛችን በፍላሽ ባመጣው ኮፒ፣ አምስት ሆነን በአንድ ላፕቶፕ ነው ያየነው።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ወድጄው ነበር። ሚስቱና ልጁ የተገደሉበት ሙጅታባ የሚባል ጡረታ የወጣ ሻለቃ አሸባሪዎችን ለማደን ወደ ሥራው ይመለሳል። ምስሉ ያምራል፤ አነስተኛ ገንዘብ ያለው ኢንዱስትሪ የሠራው አይመስልም። የፖሊስ ማሠልጠኛው የሚጠቃበት ክፍል እ.ኤ.አ. በ2009 ላሆር አጠገብ በእውነት ከደረሰ ጥቃት የተነሣ ነው፤ እዚያ ጋ ስንደርስ ከአምስታችን አንድም የተነፈሰ አልነበረም።

ከሁለት ቀን በኋላ ግን ከሰውዬው ይልቅ ጠመንጃው ብቻ ትዝ እንደሚለኝ አስተዋልኩ። ጠላቱ ራማል የሕንድ ሰላይ ነው። ክፉ ነው፣ ከውጭ ተልኮ መጥቷል፣ አለቀ። የአገሬው ልጆች ራሳቸው ለምን ቦንብ እንደሚታጠቁ ፊልሙ በሩጫ ነው የሚያልፈው። ደግሞ አብዛኛው ንግግር በእንግሊዝኛ ነው። ፓኪስታናዊ ለፓኪስታናዊ ስለ ገዛ ሐዘኑ በእንግሊዝኛ ሲነግረው፣ ከትከሻው በላይ ሌላ ሰው እያየ የሚያወራ ይመስላል። ይህን ነገር ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ሁለተኛው «ኦሞ ቻይልድ፦ ወንዙና ጫካው» ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ፣ አሜሪካዊው ጆን ሮው የሠራው ዘጋቢ ፊልም። ተኩስ የለበትም፤ ልብ በማንጠልጠል ግን ከ«ዋር» አያንስም። ስለ ካራ ሕዝብና ስለ ሚንጊ ነው። የላይኛው ጥርሱ ከታችኛው ቀድሞ የበቀለ፣ መንታ ሆኖ የተወለደ፣ ወይም ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ሕፃን ሚንጊ ነው ይባል ነበር። እንዲህ ያለ ልጅ ከኖረ ዝናብ ይጠፋል፣ ረሃብና በሽታ ይመጣል ተብሎ ስለሚታመን ወደ ወንዙ ወይም ወደ ጫካው ይጣል ነበር። ከመጀመሪያዎቹ የተማሩ የካራ ልጆች አንዱ የሆነው ላሌ ላቡኮ፣ እሱ ሳይወለድ ሁለት እኅቶቹ በዚህ መንገድ እንደሞቱ ያወቀው በ15 ዓመቱ ነው። ከዚያ በኋላ ሕፃናቱን እየለመነ እየተቀበለ ጂንካ አምጥቶ ማሳደግ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2012 የካራ ሽማግሌዎች ልማዱ መቅረቱን በይፋ አወጁ።

እኛ ጂንካ ሆነን ስናየው መጨረሻው ላይ አጨበጨብን። «ዋር» ሲያልቅ እንዳጨበጨብነው ማለቴ ነው፤ ያው አጨባበጭ።

በኋላ ለማስተማር ዱስ ሄድኩ። መንገዱን ለማታውቁት፦ ከጂንካ በቀይ አፈር፣ በዲመካ፣ በቱርሚ አድርጋችሁ፣ ከዚያ አቧራውን እየዋጣችሁ ወደ ኦሞ ትወርዳላችሁ። ሙቀቱን አላወራም። ውኃው ሲሸሽ ማሽላ የሚዘራበት የወንዙ ዳር፣ ፊልሙ ውስጥ ያየሁት ያው ወንዝ ነው፤ ልጆች ይዋኙበታል፣ እናቶች ይቀዱበታል።

አንድ ማታ በሶላር የሞላሁትን ላፕቶፕ ከፍቼ ፊልሙን እንደገና ሳይ፣ ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት አሮጊት ከአንድ ተማሪዬ ጋር መጥተው ተቀመጡ። ልዝጋው ወይስ ልተወው እያልኩ ሳመነታ፣ ሴትዮዋ አንድ ፊት ለይተው ሳቁ። «እሱን እኮ አውቀዋለሁ! ሞቷል» አሉ፤ ተማሪዬ ተረጎመልኝ።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ትረካው በእንግሊዝኛ ሲሆን እሳቸው እሳቱን ያያሉ። ሽማግሌዎቹ በካራ ሲናገሩ ግን ወደ ስክሪኑ ይጠጋሉ፣ እንደ ጉባኤ አባል ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እኛ ጂንካ ላይ ያደረግነው ተቃራኒውን ነበር፤ የግርጌውን ጽሑፍ ስናነብ የሰዎቹን ድምፅ አልሰማነውም። ተማሪዬም ጽሑፉን ከንግግሩ ጋር እያስተያየ «ትክክል ነው ቲቸር፣ ግን ሲናገር እንደከበደው አይታወቅም» አለኝ።

ስለ «ዋር» ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር ይኸው ነው። ይህም ፊልም ከባለቤቶቹ ትከሻ በላይ ለሌላ ሰው የተሠራ ነው። ሌላም ቅር የሚለኝ አለ። ታሪኩ በአንድ ጀግና ላይ አረፈ። ላሌ ጀግና አይደለም እያልኩ አይደለም፤ እኔ በ15 ዓመቴ ኳስ ከማሳደድ ሌላ የማውቀው አልነበረም። ግን ዝናቡ ቢቀር ሕዝቡ ፊቱን ወደ ማን እንደሚያዞር እያወቁ «ይቅር» ያሉት ሽማግሌዎች ሌሊት ምን ሲባባሉ አደሩ? ልጇ በሕይወት ኖሮ፣ ግን ሩቅ ጂንካ የሚያድግባት እናትስ? እነሱ ጋ ፊልሙ ብዙ ቢቆይ እወድ ነበር።

ሆኖም «ዋር» ያልደፈረውን ደፍሯል። ክፉውን ከድንበር ማዶ አላመጣውም። ያን ልማድ ሲፈጽሙ የኖሩትን ሰዎች አስቀምጦ አናገራቸው፤ ጭራቅም አላደረጋቸውም። እኔ ግን ራማልን አግኝቼባቸው ነበር፤ ያጨበጨብኩት ለዚያ ነው።

አንዲት እናት ስለጠፉ ልጆቿ መናገር ስትጀምር ሴትዮዋ መነቅነቁን አቆሙ። ከቆይታ በኋላ ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ነገር አሉ። ተማሪዬ ወዲያው አልተረጎመልኝም።

«ምን አሉ?»

«‹አልጠላናቸውም። ዝናቡን ፈራን› ነው የሚሉት።»

እሳቸውም ልጅ አጥተው እንደሆነ አልጠየቅሁም። ዛሬም አላውቅም። ጂንካ ከተሰበሰብነው ከአምስታችን አንዱ ያን ማታ አጠገቤ ቢሆን ኖሮ ዐይኑን ማየት የምችል አይመስለኝም።

ፊልሙ ሊያልቅ ሲል ሴትዮዋ መጀመሪያ ላይ ወዳወቁት ሰው እንድመልሰው ጠየቁ። መለስኩላቸው። ሰውዬው ተናግሮ ሲጨርስ «እንደገና» አሉ። ባትሪው ቀይ ሆኗል። ሦስተኛው ላይ፣ ቃሉን ሳይጨርስ ስክሪኑ ጠፋ። ተማሪዬ ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ እንደሚሞላ ነገራቸው፤ እሳቸው ግን ሰውዬው የጀመረውን የሚጨርስ ይመስል፣ በጨለማው ወደ ላፕቶፑ እንደዞሩ ትንሽ ቆዩ።